ልጅ በዕድሉ ያድጋል?



አባቶቻችን «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላሉ። አገር ቤት አባባሉ እውነት ነበረው። ወላጅ የሞተበት ልጅ አያቱ ወይም አጎቱ ቤት ይገባል፣ ከብት ይጠብቃል፣ ከተገኘው አብሮ ይቀምሳል። በ1984 ወገኖቻችን በሱዳን በኩል ሲመጡ በመንገድና በካምፕ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። እናት አባቱን እዚያ የቀበረ ልጅ ይዞ ኢየሩሳሌም የገባ ዘመድ ብዙ ነው።

እዚህ ግን ልጅ በዕድሉ ብቻ አያድግም። በቤት ኪራይ፣ በአርኖና፣ በመብራት፣ በመጽሐፍ ገንዘብ ነው የሚያድገው። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፣ ሰፈራችን ውስጥ በየቤቱ እገባለሁ፤ በሁለት ክፍል ቤት ሦስት ትውልድ አያለሁ። አያት ከቢቱዋህ ለኡሚ የምታገኛት የእርጅና ገንዘብ ለራሷም አትበቃ፣ በላዩ ላይ የልጅ ልጆች ይጨመሩባታል። ልጆቹን ወደ እሷ ያመጣቸው ሕመም፣ ሥራ ማጣት ወይም የትዳር መፍረስ ነው። የተቀበለቻቸውም ያው በችግር ያለች ሴት ናት። እንግዲህ ድህነቱ ቤት ቀየረ እንጂ የት ሄደ?

ሠራዊት ውስጥ አብሮኝ ያገለገለ፣ አያቱ ያሳደጉት ልጅ ነበር። የወታደሩን ኑሮ የምትከታተለው ማሻኪት ታሽ ቤቱ ድረስ ሄዳ ፍሪጁን ከፍታ አየች፤ ከዚያ በኋላ ለቤተሰቡ እርዳታ ተፈቀደ። ደግ ነው። ግን ልጁ ያን ጊዜ 18 ዓመት አልፎታል። የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ፍሪጁን ከፍቶ ያየ ማን ነበር?

ባዕድ ቤተሰብ በረቫሃ በኩል ልጅ ሲቀበል ኦምና ይባላል፤ ለልጁ ማሳደጊያ በየወሩ ይከፈለዋል። በ2016 የወጣው የኦምና ሕግ ዘመድንም አሳዳጊ አድርጎ ይቀበላል። ነገር ግን ልጁን በራሷ ፈቃድ ዝም ብላ የወሰደች አክስት፣ የመደባት ስለሌለ፣ ያ ገንዘብ አይደርሳትም። ሥራው አንድ ነው፣ ልዩነቱ ወረቀቱ ነው።

ታዲያ ለምን አትጠይቅም? አንደኛ ታፍራለች፤ «የወንድሟን ልጅ በገንዘብ አሳደገች ይሉኛል» ትላለች። ሁለተኛ ትፈራለች፤ ኦቬዴት ሶሲያሊት መጥታ «ቤቱ ጠባብ ነው» ብላ ልጁን ወደ ፕኒሚያ እንዳትወስድባት። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም፣ ብዙ ልጆቻችን ያደጉት በፕኒሚያ ነው። ስለዚህ የምለው ለሁለቱም ወገን ነው። መንግሥት የቤት ጥበትን ልጅ መውሰጃ ከሚያደርገው፣ ለፕኒሚያ የሚያወጣውን ለአክስቲቱ ይስጥ። እኛ ዕብራይስጥ የምናነብ ወጣቶች ደግሞ ከእናቶቻችን ጋር ወደ ቢሮው እንሂድ፤ ጥያቄውን በጽሑፍ እናስገባ፣ መልሱንም በጽሑፍ እንቀበል።

መርዶክዮስ እናት አባት የሌላትን የአጎቱን ልጅ አስቴርን አሳደገ፤ በእርሷም ሕዝቡ ዳነ። እኛም ለጋብቻ ሲሆን ዘመድ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ወጪ ሲመጣ ግን ቆጠራው አንዲት አያት ላይ ይቆማል። በአሜሪካም በሌላም አገር ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ለሠርግና ለተዝካር እንደምናዋጣው ሁሉ፣ አያት ቤት ላለው ልጅም በየወሩ እናዋጣ። የዚያ ልጅ ዕድል እኛው ነን።

እግዚአብሔር ይርዳን። ሻሎም።