የጾም ምግብ በፍስክ ቀን ለምን ይጠፋል?

በአዳማ ከተማ የጾም ምግብ እንደ ዶሮና እንቁላል ሁሉ በቀን መቁጠሪያ የሚመራ ሸቀጥ ነው። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ በየምግብ ቤቱ ይትረፈረፋል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥም ሉካንዳው ሲቀዘቅዝ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩና ጎመኑ ገበያውን ይይዙታል። ትንሣኤ ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ፣ በብዙ ምግብ ቤት በያይነቱ ከዝርዝሩ ላይ ባይሰረዝም ከምድጃው ላይ ይወርዳል። «የጾም አለ?» ብሎ የጠየቀ ደንበኛም «ዛሬ እኮ ፍስክ ነው» ተብሎ ይመለሳል።

ለአገሩ ሰው ይህ ችግር አይደለም፤ እንዲያውም ሲናፍቀው የከረመው ቀን ነው። ሥጋ ፈጽሞ ለማይበላ እንግዳ ግን በዳቦና በሻይ፣ ቢበዛ በሙዝ የሚገፋ የ50 ቀን ጾም ነው። እንዲህ ያለው እንግዳ ደግሞ በአዳማ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 በቴክኒክ ኮሌጅነት የተጀመረው ተቋም ከ2011 ጀምሮ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ ተብሏል። ከተማዋም ከዚህ ግቢ ጋር አብራ አድጋለች። ሕንዳውያን መምህራን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ በአገራችን ትምህርት ቤቶች ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ዩኒቨርስቲዎቻችን በተስፋፉበት ጊዜም በብዛት ተቀጥረዋል። ከእነርሱ መካከል በሃይማኖታቸው ምክንያት ሥጋም ዓሣም እንቁላልም የማይቀምሱ ብዙዎች ናቸው።

የገበያው ስፋት ግን በእነርሱ ብቻ አይለካም። በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም። ከሶማሊያ ወይም ከጅቡቲ ለትምህርት የመጣ ሙስሊም ተማሪ የማያውቀው ምግብ ቤት ሲገባ፣ ማን እንዳረደው ያላወቀውን ሥጋ ከመብላት ሽሮ ቢያዝዝ ይመርጣል። ሐኪም ሥጋ የከለከለው አለ። ወሩ ሳያልቅ ኪሱ ያለቀበትም አለ። ስለዚህ የጾም ምግብ የጿሚ ምግብ ብቻ አይደለም፤ ማንም ከማንም ጋር በአንድ ገበታ ተቀምጦ ሊበላው የሚችል ምግብ ነው። በገበያ ቋንቋ ከዚህ የሰፋ ፍላጎት ያለው ወጥ አይገኝም።

ታዲያ ለምን አይቀርብም? የምግብ ቤት ባለቤቶች መልስ የታወቀ ነው፤ «በፍስክ ቀን ሠርተን ቢተርፍብን ኪሳራው የማን ነው?» ይላሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ዳሩ ግን ሰባትና ስምንት ዓይነት ወጥ ይሠራ ያለ የለም። ሽሮ ዱቄቱ ካለ ደንበኛው ከተቀመጠ በኋላ የሚሠራ ነው። ምስርና ክክ ሳይነቅዙ ብዙ ጊዜ ይቀመጣሉ። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከመቂና ከባቱ በየዕለቱ የሚገባ፣ ለሥጋ ወጡም ቢሆን የሚያስፈልግ ነው። ሁለት ወጥና አንድ ጎመን በየቀኑ ማዘጋጀት ማንንም አያከስርም። ደንበኞቹ በወር ሒሳብ አስቀድመው የሚከፍሉ ተማሪዎች ከሆኑ ደግሞ ባለቤቱ ስንት ሰሐን እንደሚሸጥ ከማለዳው ያውቃል፤ የመትረፍ ስጋቱም በዚያው ይቀንሳል።

«የጾም» ማለት ምን ማለት ነው?

ሁለተኛው ችግር ቃሉ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ በተለይም በቆቃና በባቱ፣ «የጾም» ብሎ የጠየቀ ሰው ዓሣ ሊቀርብለት ይችላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለጿሚው ይቆይና፣ ለሕንዳዊው እንግዳ ግን ዓሣ ያው ሥጋ ነው። ሽሮም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። ቦዘና ሽሮ ሥጋ አለበት፤ በፍስክ ቀን የሚቀርብ ተጋቢኖ ደግሞ ቅቤ ሊገባበት ይችላል። ቅቤው ለአንዳንዱ ሕንዳዊ ምንም አይደለም፤ ወተት የሚጠጣ ሰው ነውና። ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ሁሉ ለማይነካው ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

የኢኮኖሚክስ ትምህርት እንደሚለው፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ ገዢው ይሸሻል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በሕንድ አገር የታሸገ ምግብ ሥጋ ከሌለበት አረንጓዴ ምልክት እንዲደረግበት ሕግ ያስገድዳል፤ መሃይሙም ልጁም አይቶ ይለየዋል። የአዳማ ምግብ ቤትም በዝርዝሩ ላይ «ሥጋ የለውም፣ ዓሣ የለውም፣ ቅቤ የለውም» ብሎ ቢጽፍ ወጪው የአንድ እስክሪብቶ ነው። የጻፈውን ማክበር ግን ግድ ነው፤ የሥጋ ወጥ የተማሰለበት ጭልፋ ወደ ሽሮው ድስት ከገባ ጽሑፉ ውሸት ይሆናል።

ሦስተኛው ጉዳይ ጤና ነው። ሥጋ የማይበላ ሰው ከሥጋ የሚመጣውን በሽታ ቢያመልጥም ከጥሬ ሰላጣ የሚመጣው አይለቀውም። ወጡ በእሳት የበሰለ ነው። በእንጀራው ላይ የሚጨመሩት ቲማቲም፣ ሰላጣና ቃሪያ ግን በታጠቡበት ውሃ ልክ ብቻ ንጹሕ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በኦሮሚያ ባሌ ዞን የታየው ኮሌራ ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎች መዛመቱ አይዘነጋም። አትክልቱን በታከመ ውሃ ማጠብ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት ለባለቤቱ ከሳሙና ዋጋ ብዙም አይበልጥበትም።

ከውጭ የሚመጣ ተማሪ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በወንጂ አካባቢ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ተገኝቷል። የብዙ ሰው ጥርስ ቡናማ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ውሃ ማፍላት ተውሳክን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያስወግድም፣ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ያበዛዋል። ስለዚህ ከከተማ ሲወጡ የጉድጓድ ውሃን አፍልቶ መጠጣት ብቻ ዋስትና አይሆንም።

ዩኒቨርስቲውስ? የመንግሥት ዩኒቨርስቲ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ወጥ ቤቱ፣ ድስቱና ሠራተኛው አሉ። በጾም ቀን የጾም ወጥ የሚሠራ ወጥ ቤት በፍስክ ቀን አንድ ድስት ሽሮ መጨመር አያቅተውም። ከውጭ የመጡ ተማሪዎችና መምህራን በወጪው ልክ እየከፈሉ ቢመገቡ በጀቱም አይጎዳም። ጥቅሙም ከሆድ ያልፋል፤ እራት ፍለጋ ከመሸ በኋላ በማያውቀው ሰፈር፣ በማያውቀው ቋንቋ ከባጃጅ ወደ ባጃጅ የሚንከራተት እንግዳ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። ራት በግቢው ውስጥ ያገኘ ተማሪ ግን ለዚህ አይዳረግም።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ዩኒቨርስቲው እስኪወስን መጠበቅ የለበትም። ከግቢው በር አጠገብ «የጾም ምግብ በየቀኑ» ብሎ የሚለጥፍና ቃሉን የሚያከብር የመጀመሪያው ምግብ ቤት ለአንድ ምሳ ብቻ የሚመጣ ደንበኛ አይደለም የሚያገኘው። ተማሪ አራትና አምስት ዓመት ይቀመጣል፤ ሲመረቅም ቤቱን ለተከታዩ አሳይቶ ይሄዳል።