ውኃችን ይለካ፤ ግን የት? ከምንጩ ወይስ ከብርጭቆው?

ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በአውሮፓ በቆየንባቸው ዓመታት ከተከራየናት ጠባብ ክፍል መታጠቢያ ሳህን ላይ፣ ልክ ከቧንቧው አፍ ሥር፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ እድፍ ነበር። በሳሙና ፈግፍገን ብናስለቅቀውም ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል። ጠዋት ተነሥተን የምንጠጣው የመጀመሪያው ብርጭቆም ሳንቲም አፍ ውስጥ የያዙ ያህል ይጎመዝዛል። ፊዚክስ ለመማር ባሕር ተሻግረን የሄድን ሰዎች ነገሩን «የአገሩ ውኃ ጠባይ ይሆናል» ብለን ለወራት ማለፋችን ዛሬም ያሳፍረናል። ምስጢሩን የገለጡልን አከራያችን የነበሩ አዛውንት ናቸው፤ «የሌሊቱን ውኃ አፍስሱት እንጂ አትጠጡት» አሉን። የቤቱ ቧንቧ መዳብ ነበር።

ከቧንቧው ወደ ብርጭቆው

መዳብ በራሱ የሰው ጠላት አይደለም። አካላችን በጥቂቱ ይፈልገዋል፤ ለአዋቂ ሰው በቀን አንድ ሚሊ ግራም የማይሞላ መጠን ይበቃዋል፤ ይህንንም ከእህልና ከጥራጥሬ እናገኘዋለን። መጠኑ ሲያልፍ ግን ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያስከትላል። በዚህም ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ2 ሚሊ ግራም መዳብ በላይ እንዳይኖር ይመክራል። መዳብን ከአካላቸው ማስወገድ የማይችሉ፣ የዊልሰን በሽታ በዘር የወረሱ ሰዎች ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ሊጠነቀቁ ይገባል።

ሕፃናትን በተመለከተ የኦስትሪያዋ የቲሮል አውራጃ ታሪክ ከባድ ትምህርት ትቶልናል። እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1974 ባለው ጊዜ በዚያ የገጠር አካባቢ 138 ሕፃናት በጉበት በሽታ ሞቱ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የላም ወተት ባልተለበጠ የመዳብ ዕቃ እየፈላ ለሕፃናቱ ይሰጥ ነበር፤ ከዚህም ጋር በዘር የሚተላለፍ ተጋላጭነት ነበራቸው። የመዳቡ ዕቃ በሌላ ሲተካ በሽታው ከአካባቢው ጠፋ።

መዳቡ ወደ ውኃው የሚገባው እንዴት ነው? ውኃ የአየር ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሟሙቶበት ይገኛል፤ አሲድነት ካለው ደግሞ የብረቱን ገጽ እየበላ አዮኖችን ያወጣል። ለዚህ ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ አንዱ ጊዜ፣ ሌላው ሰፊ የመገናኛ ገጽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በቀጭን ቧንቧ ውስጥ የቆመ ውኃ ሁለቱንም አግኝቷል። የውስጥ ስፋቱ 1.3 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ ቧንቧ የሚይዘው ውኃ 1.3 ሊትር ያህል ነው፤ አንባቢ በእርሳስና በወረቀት ሊያረጋግጠው ይችላል። እንግዲህ የጠዋቱ የመጀመሪያ ብርጭቆ የሚቀዳው ከዚህ ካደረው ውኃ ነው።

«እኛን ምን አገባን?»

በአገራችን ያሉት ቤቶች በብዛት የዚንክ ልባጥ ያለው የብረት ቧንቧ ወይም ፕላስቲክ እንጂ መዳብ አልተዘረጋባቸውም። ታዲያ ጉዳዩ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ነውን? አይደለም እንላለን።

አንደኛ፣ መዳብ በቤታችን ውስጥ በሌላ መልክ አለ። ቧንቧ መክፈቻዎችና ማያያዣዎች ከናስ ይሠራሉ፤ ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። ውኃ ማሞቂያዎችም የመዳብ ክፍል ሊኖራቸው ይችላል። የመዳብ ዕቃ ውኃው በሚመጣበት በኩል፣ ከዚንክ ልባጥ ቧንቧ አስቀድሞ ከተገጠመ፣ ውኃው ይዞት የሚሄደው የመዳብ አዮን በዚንኩ ላይ ያርፋል። በሁለቱ መካከል ያለው መደበኛ የኤሌክትሮድ እምቅ ልዩነት 1.10 ቮልት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ዳንኤል ሴል በሚል ርዕስ የሚያጠኑት ባትሪ በየቧንቧው ግድግዳ ላይ በጥቃቅኑ ተሠራ ማለት ነው፤ ቧንቧውም ያለ ዕድሜው ይበሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጣል። መዳብ ግልጽ ነው፤ በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም ሲያልፍ ሳህንና ልብስ ሊያቀልም፣ ከ2.5 ሚሊ ግራም ሲያልፍ ደግሞ ሊመርር ይችላል። ከአንዳንድ የናስ ዕቃዎችና ብየዳዎች ሊወጣ የሚችለው እርሳስ ግን ቀለምም ጣዕምም አያሳይም፤ የሚጎዳውም የሕፃናትን አእምሮ ነው። ስለሆነም መዳብን መፈለግ የምንማርበት ዘዴ እርሳስንም የምናገኝበት ዘዴ ነው።

«የተቅማጥ ጀርም ሳይጠፋ፣ በስምጥ ሸለቆ የልጆቻችንን ጥርስና አጥንት የሚጎዳው ፍሎራይድ ሳይቀንስ፣ ስለ መዳብ መጻፍ ቅንጦት ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ስለ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ ከመዳብ በፊት ጀርም፣ ከመዳብ በፊት ፍሎራይድ። ነገር ግን ልዩነቱን እናስተውል። ፍሎራይድ የሚመጣው ከዐለቱ ነው፤ ከጉድጓዱ ላይ የለካ ሰው ብርጭቆ ውስጥ ያለውንም በአብዛኛው ለክቷል። መዳብና እርሳስ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገቡት ከቤት ውስጥ ነው። ማጣሪያ ጣቢያው ላይ የተወሰደ ንጹሕ ውጤት ስለ ወጥ ቤታችን ቧንቧ አንዳች አይነግረንም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ደንብ ናሙናው ከቤት ቧንቧ፣ ውኃው ቢያንስ 6 ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ ከመጀመሪያው ሊትር እንዲወሰድ ያዘዘው ይህንኑ ተረድቶ ነው፤ ከናሙናዎቹ ከ10 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሊትር ከ1.3 ሚሊ ግራም በላይ መዳብ ከተገኘባቸው ውኃ አቅራቢው እርምጃ እንዲወስድ ይገደዳል። በፊዚክስ ክፍል ዘወትር እንደምንለው፣ የት እና መቼ እንደተለካ የማይታወቅ ቁጥር ልኬት አይባልም።

ምን ይደረግ?

ሐሳባችን ይህ ነው። የሳይንስ ፋኩልቲዎች በየሚገኙባቸው ከተሞች የቤት ውኃ ይለኩ። ተማሪው ከቤቱ ሁለት ንጹሕ ጠርሙስ ውኃ ያምጣ፤ አንዱ ሌሊቱን ያደረው የመጀመሪያ ውኃ፣ ሌላው ለጥቂት ደቂቃ ከፈሰሰ በኋላ የተቀዳ። በሁለቱ መካከል የሚገኘው ልዩነት ቤቱ ራሱ የጨመረውን ያሳያል። አቶሚክ አብሶርፕሽን ስፔክትሮሜትር ያላቸው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራዎች መዳቡንም እርሳሱንም ይለኩታል። ውጤቱ የባለቤቶቹ ስም ሳይጠቀስ ለሕዝብና ለከተማው የውኃ መሥሪያ ቤት ይቅረብ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣሁ የሚል ተማሪም ርዕሱ በገዛ ቤቱ ቧንቧ ውስጥ አድሮለታል።

እስከዚያው በቤታችን ልናደርገው የምንችለው ቀላል ነው። ያደረውን ወይም ከቀናት መቋረጥ በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ውኃ አንጠጣው፤ ውኃ ብርቅ በሆነበት ከተማ ግን አናፍስሰው፤ በባልዲ እናጠራቅመውና ወለል እንወልውልበት። ለምግብና ለሕፃን ወተት ከማሞቂያ የመጣ ሙቅ ውኃ አንጠቀም። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ መዳብን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን ያከማቸዋል። ሎሚ፣ እርጎና ሌላ ኮምጣጣ ነገር ባልተለበጠ የመዳብ ዕቃ አይቀመጥ።

ይህን ስንጽፍ አንባቢን ለማስፈራራት አይደለም። የአብዛኛው ቤት ውጤት መልካም ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ቢሆን ደስታችን ነው። መልካም መሆኑን ግን በግምት ሳይሆን በልኬት እንወቀው። እኛ አረንጓዴውን እድፍ ለወራት እያየን አልጠየቅንም፤ ተማሪዎቻችን ከእኛ ፈጥነው ይጠይቁ።