የእማዬ ዕቁብና የቧንቧው መብራት

ባለፈው ወር እማዬ ዕቁብ ደረሳት። ብሩን እንደተቀበለች ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ቧንቧ ላይ ተገጥሞ መብራት የሚሰጥ ዕቃ አይቻለሁ፤ ግዢልኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ሰልችቶኛል» አለችኝ። ቪዲዮውንም ላከችልኝ፤ ቧንቧው ሲከፈት አምፖሉ ቦግ ይላል። እናንተም ሳታዩት አትቀሩም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ «ነፃ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ስለዚህ እሺ ከማለቴ በፊት ካልኩሌተር አነሳሁ።

ዕቃው ውሸት አይደለም። ትንሿ ተርባይን በውሃው ግፊት እየተሽከረከረች ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። ጥያቄው «ስንት?» የሚለው ነው። ደህና የሚባል የቧንቧ ግፊት 3 ባር ገደማ ነው። በዚህ ግፊት 1,000 ሊትር ውሃ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ሮቶ፣ ምንም ሳይባክን ቢሰላ 83 ዋት ሰዓት ይሰጣል። በትንሽ ተርባይን ግማሹ ከተገኘም ጥሩ ነው። በቀን 500 ሊትር የሚጠቀም ቤተሰብ ከዚህ የሚያገኘው አንድ ስልክ አንዴ ቻርጅ ለማድረግ ቢበቃ ነው።

የእንጀራ ምጣድስ? 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ ለአንድ ሰዓት እንዲሠራ ከ40 ሮቶ በላይ ውሃ መፍሰስ አለበት፤ ያውም ምንም ሳይባክን። የውሃ ቆጣሪው ደግሞ እያንዳንዷን ሊትር ይቆጥራል። ተርባይኗ ግፊቱን ስለምትወስድ ሻወሩም ይዳከማል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ውሃው ሲሄድ መብራቱም አብሮ ይሄዳል። «በፓምፕ ሮቶ ላይ አውጥተን እናውርደው» ካላችሁ፣ ፓምፑ የሚበላው ከሚመለሰው ይበልጣል።

ሐሳቡ ቦታውን ሲያገኝ ግን ይሠራል። በአሜሪካ፣ በፖርትላንድ ከተማ፣ ውሃ ከከፍታ በራሱ ኃይል በሚወርድበት ዋና መስመር ውስጥ አራት ተርባይኖች ተገጥመው በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምረዋል። እዚያ የቧንቧው ስፋት ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ ትርፍ ግፊትም አለ።

ለእማዬ ይህን ሁሉ ቁጥር አልደረደርኩላትም። «የአንድ ቀን እንጀራ 40 ሮቶ ውሃ ይፈጃል» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ውሃ ተሸክሜ ላደግኩት ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አለች። ቻርጅ የሚደረጉ ሁለት አምፖሎች ገዛንና የተረፈውን የዕቁብ ብር ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተች።

እናንተም «ነፃ መብራት» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ «ስንት ዋት? በስንት ሊትር?»