ደብረ ታቦርና በቤት የተሰላቸው ተማሪ



ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል በሕዝቡ ዘንድ ቡሄ በመባል የሚታወቅ ሲሆን፣ በአብነት ትምህርት ቤቶች ዘንድ ግን ከጥንት ጀምሮ የተማሪዎች በዓል ሆኖ ኖሯል። የቆሎ ተማሪው «ስለ ደብረ ታቦር» እያለ በየመንደሩ እህል ለምኖ፣ ጠላ ጠምቆና ዳቦ ጋግሮ መምህሩንና የአካባቢውን ሰው ይጋብዛል። እኛም በዓሉን ምክንያት በማድረግ ስለ ሌላው ተማሪ፣ ማለትም ለክረምት ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ወላጆቹ ቤት ስለ ተመለሰው ወጣት ጥቂት ልንል ወደድን።

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአጠና ተራ እስከ ቤተልና አየር ጤና ባሉት መንደሮች፣ እንዲህ ያለ ወጣት ያለበት ቤት ብዙ ነው። ጅማ ወይም ጎንደር ሲማር ከርሞ ሲመለስ የመጀመሪያው ሳምንት በእናቱ ወጥና በናፍቆት ጨዋታ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እርሱ ጋቢውን ተከናንቦ ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ምን ሆነሃል ሲሉት «ደበረኝ» ይላል፤ ምን ናፈቀህ ሲሉት ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ፊልም ቤት መሄዱን ያነሣል።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ወላጆች ስንፍና ነው ብለው ይቆጣሉ። ሌሎች ደግሞ፣ በተለይ ወቅቱ ጾመ ፍልሰታ በመሆኑ፣ ሲኒማ መናፈቁን ከእምነት እንደ መራቅ ይቆጥሩታል። ይህ አስተሳሰብ የቆየ ሥር አለው። ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ሕዝቡ በቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የነበረውን ፊልም ማሳያ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። ይሁን እንጂ የእነዚያው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ቆይተው በፒያሳው ሲኒማ ኢትዮጵያና በመርካቶው ሲኒማ ራስ በር ላይ ተሰልፈዋል፤ ከእነርሱም መካከል እሑድ ጠዋት ያስቀደሱ ጥቂቶች አልነበሩም።

በእኛ አስተያየት የተማሪው ችግር የፊልም እጦት አይደለም። ፊልሙማ በእጁ በያዘው ስልክ ውስጥ ሞልቷል፤ ምስሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ የናፈቀው ከአልጋው ሳይነሣ በጠገበ ነበር። የናፈቀው ተቀጣጥሮ መውጣት፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ አብሮ መሳቅ፣ ሲመለሱም በመንገድ ላይ ባዩት ነገር መከራከር ነው። እንግዲህ ስልቹነቱ የሚነግረን፣ ወጣቱ በገዛ ቤቱ ውስጥ የሚያወያየው ሰውና የሚጠበቅበት ሥራ ማጣቱን ነው።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመጋቢት ወር ትምህርት ተቋርጦ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲመለሱ ይህንኑ ተመልክተናል። በአንድ ጣሪያ ሥር ለወራት አብረው ከርመው የልጃቸውን ሐሳብ ሳያውቁ መልሰው የሸኙ ወላጆች ነበሩ። በቤቱ የሚያነጋግረው ያጣ ወጣት ደግሞ ጫት ቤት ጎራ ቢል የሚያነጋግረው አያጣም።

አበው ስልቹነትን አቅልለው አላዩትም። አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ መንፈሱ ታክቶ ወደ እግዚአብሔር በለመነ ጊዜ፣ ተቀምጦ ገመድ የሚታታ፣ ከዚያም ለጸሎት የሚነሣ፣ ደግሞም ወደ ሥራው የሚመለስ ሰው እንደ ታየው፣ እርሱም መልአክ እንደ ነበረ ይነገራል። ለታከተው አባት የተሰጠው መድኃኒት ቁጣ ሳይሆን ሥራና ጸሎት የሚፈራረቁበት ቀን ነበር።

የበዓሉም ታሪክ ወደዚሁ ይመራናል። ቅዱስ ጴጥሮስ በታቦር ተራራ ብርሃኑን ባየ ጊዜ ዳስ ሠርቶ እዚያው መኖርን ወደደ። ጌታ ግን ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ወረደ፤ ከተራራው በታችም ስለ ታመመ ልጁ የሚማልድ አባት ይጠብቅ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰውንም ወጣት በቤቱና በሰፈሩ የሚጠብቀው አገልግሎት አለ። በመስከረም ትምህርት የሚጀምሩ ታናናሾቹና የጎረቤት ልጆች ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስጠናቸው ይፈልጋሉ፤ የአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤትም የተማረ እጅ ይሻል።

ወላጆችም «ሂድ» ማለትን ትተው «እንሂድ» ማለትን ቢለምዱ መልካም ነው። ለፍልሰታ ቅዳሴ አብረው ይሂዱ፤ ሲመለሱም ከሰሙት ትምህርት ምን እንደ ገባውና ምን እንዳልገባው ይጠይቁት። ሙልሙሉ ሲጋገርና ችቦው ሲለኮስ እንደ እንግዳ አያስቀምጡት፤ ሆያ ሆዬ የሚሉትን ሕፃናት እርሱ ወጥቶ ይቀበላቸው። ጾሙ ተፈጽሞ ነሐሴ 16 ቀን ካለፈ በኋላም አባት ልጁን «ያ የምትናፍቀው ፊልም ቤት ወዴት ነው? እስቲ አንድ ቀን አብረን እንየው» ቢለው፣ ከፊልሙ ይልቅ በመመለሻው መንገድ የሚጨዋወቱት ለሁለቱም ይጠቅማቸዋል ብለን እናምናለን።

መልካም የደብረ ታቦር በዓል ይሁንላችሁ።