ጣቢያው ይንቀሳቀስ!



«ጨዋታ የሥራ ፈት ነው» የሚል ቃል ሰሞኑን በመኝታ ቤትም በመመገቢያ አዳራሽም ይሰማል። በኮምፒዩተር የሚጫወት ተማሪ ሁሉ በአንድ መዝገብ ሰነፍ ተብሎ መጻፉ ግን ፍርደ ገምድልነት ስለ ሆነ፣ ይህችን አጭር አስተያየት ለማቅረብ ተገደድሁ።

በብዙ የጠፈር ጨዋታዎች ውስጥ የጠፈር ጣቢያ እንደ ደሴት አንድ ቦታ ተተክሎ መንኰራኵሩን ይጠብቃል። ይህ ሐሰት ነው። እውነተኛው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በሴኮንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ፣ ምድርን በ90 ደቂቃ አካባቢ ይዞራል። እንግዲህ ጨዋታውን ከፍተው ጣቢያውን እንዲንቀሳቀስ የሚያደርጉ ልጆች ሐሰትን የሚያርሙ ናቸው እንጂ ሥራ የፈቱ አይደሉም።

ኦርቢተር የተባለውን እንውሰድ። ማርቲን ሽዋይገር የተባሉ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ2000 በነፃ አወጡት፤ በ2021 ደግሞ የፕሮግራሙን ምንጭ ለሁሉም ክፍት አደረጉት። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የጣቢያው ቦታና ፍጥነት በተራ ጽሑፍ የተቀመጠ ቁጥር ነው። እኔና የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ አንድ ሌሊት ከፍጥነቱ ላይ በሴኮንድ 100 ሜትር ብቻ ቀነስን። ግማሽ ዙር ሳይሞላ ጣቢያው ቍልቍል ወርዶ አየር ውስጥ ገባ። ምክንያቱን ለማወቅ ወረቀትና እርሳስ አንሥተን እስኪነጋ አሰላን። ያንን ሂሳብ በክፍል ሸምድደነው ነበር፤ የገባን ግን ያን ሌሊት ነው።

በጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚሄድ ሰው የቀደመውን ለመድረስ ጠንክሮ ይቀዝፋል። በጠፈር ግን ወደ ፊት የገፋ ወደ ላይ ይወጣና ወደ ኋላ ይቀራል፤ ለመድረስ የሚሻ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ዝቅ ብሎ፣ በአጭሩ መንገድ መቅደም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1965 የጀሚኒ 4 አዛዥ ጄምስ ማክዲቪት ወደ ተለየው የሮኬት ክፍል አነጣጥረው ቢገፉ እየራቃቸው ሄደ፤ ነዳጁንም ብዙ ስለ ፈጀባቸው ሙከራውን ተዉት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ጀሚኒ 6 ሂሳቡን ተከትላ ጀሚኒ 7ን አገኘቻት።

መቼም ሌሊቱን ሙሉ ሲተኩስ አድሮ በትምህርት ሰዓት የሚያንቀላፋውን ጥብቅና አልቆምለትም። ልዩነቱን የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፦ ፋይሉን ከፍተህ ምን ለወጥህ?

አገራችን የመጀመሪያዋን ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር፣ በቻይና ሮኬት አመጠቀች። የሚከተሉትን የሚያሰሉ እጆች ከየት ይምጡ? ስለዚህ ማኅበራችን በሳምንት አንድ ምሽት የኮምፒዩተር ክፍል እንዲፈቀድልን ይጠይቅ። የፊዚክስ መምህሮቻችንም ሥራችንን ተመልክተው ስሕተታችንን ያርሙልን። ጣቢያው ሲንቀሳቀስ እኛም ከቆምንበት እንነቃነቃለን።

ከሐይቁ ዳር፣
አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ