ደመራችን የፀሐይ አምልኮ ነውን?

መስከረም በጠባ ቁጥር እዚህ ቶሮንቶ በቡናም በስብሰባም ላይ የሚነሣ አንድ ወሬ አለ፤ «እንቁጣጣሽና ደመራ ከጥንት የፀሐይ አምልኮ የተረፉ ናቸው» የሚል። አንዱ ይህን ይሰማና «እንግዲያው የአረማዊ ነገር ነው» ብሎ ልጆቹን ከችቦው ያርቃል። ሌላው ደግሞ «እኛም እንደ ፋርሶቹ ነበርን» እያለ ይኩራራል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

አባቶቻችን ፀሐይን አላመለኩም አልልም። ክብረ ነገሥት ራሱ ንግሥተ ሳባ ከሰሎሞን ጋር ከመገናኘቷ በፊት ፀሐይን ታመልክ እንደነበር ሳይሸሽግ ይናገራል። የአክሱም ነገሥታት ገንዘብም የጨረቃና የክብ ምልክት ነበረበት፤ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል በመስቀል ተካው። ይሁን እንጂ አምልኮው ስለነበረ ብቻ ደመራ የእርሱ ልጅ ነው አይባልም።

በያንግ ጎዳና የምናያቸውን ኢራናውያን እንመልከት። ኖውሩዝን የሚያከብሩት በመጋቢት ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ቅጽበት ነው፤ ደቂቃው ሳይቀር ይሰላል። ያልዳም የዓመቱ ረጅም ሌሊት ናት። በዓል ፀሐይን ሲከተል እንዲህ ነው። የእኛ አቆጣጠር ግን በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን ከመጨመር በቀር ፀሐይን አያሳድድም። ስለዚህ መስከረም 17 በኢዛና ዘመን ቀንና ሌሊት ከሚስተካከሉበት ዕለት በፊት ይውል ነበር፤ ዛሬ ከዚያ በኋላ ይውላል። ደግሞስ በአዲስ አበባ የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ በቶሮንቶ ከ6 ሰዓት በላይ ነው። የአገራችን ፀሐይ ሩቅ አትሄድም፤ የሚሸፍናት ደመና ነው። ገበሬው የሚደሰተው ዝናቡ ስላባራ፣ ወንዙ ስለጎደለ፣ ዘመድ ከዘመድ ስለተገናኘ ነው።

«እሳቱስ?» ትሉኝ ይሆናል። በቡልጋሪያ ኔስቲናሪ የሚባሉት ሰዎች በቅዱሳን ቆስጠንጢኖስና እሌኒ በዓል በባዶ እግራቸው ፍም ላይ ይጨፍራሉ። ሥርዓቱ ከክርስትና በፊት የነበረ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ጨፋሪው ግን በእጁ የሚይዘው የቅዱሳኑን ሥዕል ነው። እኛም የምንደምረው ያችው እሌኒ መስቀሉን ለማግኘት የተከተለችውን ጢስ እያሰብን ነው። በዓል የሚመዘነው በሚያከብረው ሰው ልብ ነው፤ ከአመዱ ሥር ተቆፍሮ በሚወጣ ግምት አይደለም።

በዚህ ከተማ ያለ ፈቃድ ሜዳ ላይ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ፈቃዱን ለማግኘት ከደከምን ዘንድ፣ ልጆቻችን «ለምን እናበራለን?» ሲሉ የምንመልሰው ይኑረን። መልስ ካጣን ደመራውን የሚያጠፋው የከተማው ሕግ ሳይሆን የእኛው ዝምታ ነው።