ዓሣ ስለማይናገር እኔ ልናገርለት

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ዓሣ ነው። «ቦሳ ኪቶ ውስጥ ደግሞ የምን ዓሣ?» እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። እኔና ጓደኞቼ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ቀጥቅጠን፣ ጥቁሩን ዘንግ አውጥተን ግድግዳ ላይ እንጽፍበት ነበር። የቀረውን ቦይ ውስጥ እንወረውረዋለን። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ይወስደዋል፤ እኛም «ሄደ» ብለን እንረሳዋለን። ግን የት ሄደ? የጅማ ጎርፍ አዌቱ ይገባል። አዌቱ ወደ ቦዬ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳል። እዚያ ግድቡ አለ፣ ዓሣም ይጠመድበታል። ዓሣው ደግሞ ጅማ መጥቶ ይሸጣል።

የቡና ገለፈት ወንዝ ውስጥ ሲበሰብስ ይሸታል፤ ሰው ሁሉ ይጮሃል። እንደ እርሳስ፣ ሜርኩሪና ካድሚየም ያሉት ከባድ ብረቶች ግን አይሸቱም፣ አይበሰብሱምም። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን አይደለም፤ እሱ ውስጡ ካርቦን ነው። የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን ማለቴ ነው። እነዚህ ብረቶች የዓሣውን መተንፈሻ (ስንጥቡን)፣ ጉበቱንና ኩላሊቱን ይጎዳሉ። እንቁላሉም በደንብ ላይፈለፈል ይችላል። ትልቁ ዓሣ ትንሹን ሲበላ የትንሹም መርዝ እሱ ውስጥ ይጠራቀማል። ሀዋሳ ሐይቅ ውስጥ ተመራማሪዎች ሌሎች ዓሦችን በሚበላው በባርበስ ሥጋ ሜርኩሪ አግኝተዋል። በጃፓን ሚናማታ ደግሞ ፋብሪካ ሜርኩሪ ባሕር ውስጥ እየለቀቀ፣ ዓሣውን የበሉ ድመቶችና ሰዎች ታመሙ፣ ብዙዎችም ሞቱ። በሽታው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው።

የጊቤ ዓሣ ተመርዟል፣ አትብሉ እያልኩ አይደለም። ሳይደርስብን እንጠንቀቅ ነው የምለው።

አንዳንድ ልጆች «አንድ የባትሪ ድንጋይ ምን ያመጣል?» ይሉኛል። እስቲ በየክፍላችሁ ያለውን ልጅ ቁጠሩ፤ ከዚያ የሰፈሩን፣ ከዚያ የከተማውን። አሁንም አንድ ነው?

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሚኒ ሚዲያ ክፍላችን ውስጥ፣ ዝናብ የማይነካው ክዳን ያለው ዕቃ ይቀመጥ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከቤታችን እያመጣን እዚያ እንጨምር። አንቀጥቅጠው፣ አናቃጥለው። መምህራኖቻችን ደግሞ ከዚያ በኋላ የት እንደሚወሰድ ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቁልን። ጋራዥ ያላቸው ወላጆችም የባትሪ ውሃ ቦይ ውስጥ እንዳይደፉ ልጆቻቸው ይንገሯቸው።

እኔ ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ። ዓሣው ውሃው ሲመረዝበት ወጥቶ ሌላ ሰፈር መግባት አይችልም። እኛ ግን እጃችንን መሰብሰብ እንችላለን።



ከ7ኛ ክፍል ተማሪ